ቀለሙ ከብሩሹ ሳይወርድ ሲደርቅ፦ የሚኒያቸር ቀቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች በጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሰለፉ፣ ቁመታቸው ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሳይንስ ልብወለድና የምናብ ዓለም ትንንሽ ቅርጽ ምስሎች (ሚኒያቸሮች) ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ፊልም ላይ ያዩትን መልክ ፈልገው ነው የጻፉልን።

አቦ፣ ጥቁር ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) በስፕሬይ ነፋሁበት፤ ሲደርቅ ወታደሩ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ጣሳውን በደንብ ወዝውዤዋለሁ። ምን በደልኩት? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። ከጣሳው የሚወጣው ቀለም ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ገና እርጥብ መሆን አለበት፤ ያኔ ነው ተዘርግቶ የሚለሰልሰው። አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሲሆን፣ በተለይ ከሩቅ ከተነፋ፣ ነጠብጣቡ መንገድ ላይ ይደርቅና ዱቄት ሆኖ ይደርሳል። ድሬ ላይ ከረፋድ በኋላ ግቢ ወጥቶ መንፋት ትርፉ ይኸው ነው። ማልደህ፣ ነፋስ ሳይነሳ ንፋ። ርቀቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጣሳውን 2 ደቂቃ ሙሉ ወዝውዘው። መንፋት ስትጀምር ከምስሉ ውጭ ጀምር፣ አልፈኸው ሂድና ከምስሉ ውጭ አቁም። በአንዴ ለመሸፈን አትሞክር፤ ሦስት ስስ ንብብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ጣሳውን ፀሐይ ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ እንዳትተወው፤ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል።

የተበላሸውን በተመለከተ፣ ሸካራው ቀላል ከሆነ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ሲታሽ ይረግፋል። ከበረታ ቀለሙን አራግፎ እንደገና መጀመር ነው። ቲነርና አሴቶን ግን ፕላስቲክ ያቀልጣሉ፤ የሚሆኑት ለብረት ምስል ብቻ ነው። ለመኪና የሚሸጥ ፕራይመርም አንዳንዱ አሴቶን ስላለበት የፊቱን ቅርጽ ሊበላው ይችላል። መጀመሪያ ምስሎቹ ተያይዘው በመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ቁራጭ ላይ ሞክረው።

ጠብታ ቀለም አውጥቼ ሁለተኛ ሳልነክር ይደርቃል። ውሃ ስጨምርበት ደግሞ ይበታተናል። (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

እርጥብ ፓሌት (የቀለም መደባለቂያ) ሥራ። ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የምሳ ዕቃ፣ ስስ ስፖንጅ ወይም አራት እጥፍ ሶፍት፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፤ ሌላ ወጪ የለውም። ስፖንጁ ውሃ ይጥገብ፤ ነገር ግን ውሃው ወረቀቱ ላይ እንዳይንሳፈፍ። ሰም የተቀባ ወረቀት ውሃ ስለማያሳልፍ አይሆንም። ክዳኑ ከተገጠመ ቀለሙ እስከ ማግሥቱ ይቆያል፤ በሙቀቱ ሻጋታ ቶሎ ስለሚይዘው ግን ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይር። ብርማና ወርቃማ ቀለሞችን እዚያ አታስቀምጥ፤ የሚያብረቀርቀው ብናኝ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ቬንቲሌተሩንም ከጠረጴዛው አዙር፤ ላንተ የሚጠቅመው ነፋስ ለቀለሙ አይበጅም።

የሚበታተነው ውሃ ስለበዛበት ነው። አክሪሊክ ውስጥ፣ ማለትም በውሃ በሚቀጥነው በዚህ ቀለም ውስጥ፣ ብናኙን አያይዞ የሚይዝ ማጣበቂያ አለ፤ ከመጠን በላይ ሲቀጥን አቅም ያጣል። ለመጀመሪያ ንብብር ሁለት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ውሃ በቂ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ማቅጠን ካስፈለገህ በውሃ ፋንታ አክሪሊክ ሚዲየም (ብናኝ የሌለበት የቀለሙ ማጣበቂያ) ጨምር። አውራ ጣትህ ጥፍር ላይ መስመር አስምር፤ በጥፍሩ ዙሪያ ከፈሰሰ በጣም ቀጥኗል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚያስቀምጠው የድሬ ውሃ ጥቁር ቀለም ላይ ነጭ ጠርዝ ሊተው ስለሚችል፣ ለማቅጠኛ የታሸገ ውሃ ተጠቀም። ብሩሽ ለማጠብ የቧንቧው ይበቃል።

ጠይም ጀግናዬን በፊልም እንደማየው በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ በሌላው ብርቱካናማ መብራት ያረፈባት አድርጌ ቀባኋት። ቀለም የተደፋባት እንጂ መብራት ያረፈባት አትመስልም። (ተማሪዋ፣ ከጁገል፣ ሐረር)

የፊልሙን መልክ የሚያመጣው ከቀለሙ ይልቅ የብርሃኑ አቅጣጫ ነው፤ አብዛኛው ቀቢ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ልብሷም ጫማዋም መሣሪያዋም ደምቀው ከተጠናቀቁ በኋላ ሰማያዊ ብታክይበት፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ከመሆን አያልፍም። መጀመሪያ ማጨለም ያስፈልጋል።

ምስሉን ግራጫ ፕራይመር ከቀባሽው በኋላ ክፍሉን አጨልሚ። የስልክ መብራት በሰማያዊ የከረሜላ ላስቲክ ሸፍነሽ በግራ አቁሚ፤ ሌላ ሰው በብርቱካናማ የተሸፈነውን በቀኝ ይያዝልሽ። ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ ፎቶ አንሺ። ብርሃኑ አገጭ ሥር እንደማይገባና ክንድ የጣለው ጥላ ደረት ላይ የት እንደሚያርፍ ከግምት ይልቅ ፎቶው ይነግርሻል።

ከዚያ ምስሉን በሙሉ በጥቁር ሰማያዊ ወይም በጥቁር ወይን ጠጅ ሸፍኚ። ፎቶው ላይ ብርሃን የነካቸውን ቦታዎች ብቻ በፈዛዛ ግራጫ አንሺ፤ ጫፎቹን ወደ ነጭ አስጠጊ። በዚህ ላይ ነው ቀለሙ የሚመጣው፦ አንድ እጅ ቀለም ለአምስት እጅ ሚዲየም፣ ከሦስት እስከ አራት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሙሉ በሙሉ እየደረቀ። ብሩሹን ሶፍት ላይ ጠረግ ካላደረግሽው ቀለሙ ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል። ብሩሹን ሁልጊዜ ወደ ብርሃኑ ምንጭ ጎትቺ፤ ቀለም የሚበዛው ብሩሹ በሚነሳበት ጫፍ ነውና።

ሁለቱን ቀለሞች በእርጥባቸው አታገናኚ፤ ሰማያዊና ብርቱካናማ ሲቀላቀሉ ጭቃ ይሆናሉ። አፍንጫው ላይ ቀጭን ጨለማ መስመር ይለያቸው። ደግሞም እኩል አይድመቁ። አንዱ ዋና፣ ሌላው አጋዥ ካልሆነ ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ መብራቱ እጇ ላይ ከሆነ ጫማዋ ላይ ምንም አይድረስ። ቀይ ልብስ በሰማያዊ ብርሃን ሥር ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረውም፤ እዚያ ላይ ሰማያዊ ብታደምቂ ውሸት ይሆናል። መብራቱ ራሱ ምስሉ ላይ ካለ ከሁሉ የደመቀው እሱ ይሁን፣ መሃሉ ወደ ነጭ የተጠጋ።

ጠይም ፊት ለዚህ አሠራር እንዲያውም ይመቻል። በጠይም ቆዳ ላይ ብርሃን ጠባብና ደማቅ ሆኖ ነው የሚታየው፦ ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የታችኛው ከንፈር። መነሻው ቀይ ጠብ የተደረገበት ጥቁር ቡናማ ይሁን። ለማድመቅ ነጭ ብቻ ከጨመርሽ ፊቷ አመድ የነካው ይመስላል፤ ቢጫ አፈርማ ቀለም ቀላቅይ። በሰማያዊው ወገን ግን ማድመቂያው ፈዛዛ ሰማያዊው ራሱ ነው።

የጠፈር መርከቤ ከሱቅ አሁን የወጣ መጫወቻ ይመስላል። (ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

ያገለገለ፣ የቆሸሸና የተላላጠ መርከብ ካስለመዱን ፊልሞች ዋነኛው በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ‹ስታር ዋርስ› ነው። አንተ ግን ሩቅ መሄድ የለብህም፤ የድሮው ባቡር ጣቢያ ያሉትን አሮጌ ፉርጎዎች ሄደህ እይ። ዝገቱ የትም አልተረጨም፤ ከብሎን ሥር ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠርዝና ደረጃ ላይ ይበረታል።

መርከቡን በዝገት ቡናማ ቀባና በደንብ አድርቀው። ሁለት ጊዜ የፀጉር ስፕሬይ ንፋበት። ሲደርቅ ዋናውን አክሪሊክ ቀለም ስስ አድርገህ ደርብ። ሲነካ እጅ የማይዝ ሲሆን ቦታውን ለብ ባለ ውሃ አርጥበህ በጠንካራ ብሩሽና በስቴኪኒ ፈቅፍቅ። ለማግሥቱ አታሳድረው፤ ከጠነከረ አይነሳም። ጠርዝ ላይ ብቻ ላጥ፤ ሜዳው መሃል የተላጠ ቀለም ምክንያት የለውም።

ልጄ በረዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ማተሚያ ምስል ያትማል። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ልከልክለው? (እናት፣ ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መከልከል ሳይሆን ቦታ መለየት ይበቃል፣ እናታችን። ያልደረቀ ረዚን ቆዳ ያሳክካል፤ ንክኪው ሲደጋገም ደግሞ ሰውነት አለርጂ ሊሆንበት ይችላል። ናይትራይል ጓንት ያድርግ፤ ማተሚያው መኝታ ክፍልና ወጥ ቤት አይግባ፤ መስኮት ይከፈት። የታተመው ምስል የታጠበበትን አልኮል ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ እንዳይደፋው ይንገሩት። ብርሃን በሚያስተላልፍ ዕቃ ከድኖ፣ ከእሳትና ከሕፃን አርቆ ብርሃን ላይ ሲያቆመው ረዚኑ ደርቆ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ማጥለል ነው። የደረቀውን ምስል ሲሞርድ ውሃ በነካ ብርጭቆ ወረቀት ይሁን፣ ብናኙ እንዳይነሳ።

ሐምሌ ላይ ማት ቨርኒሽ (ቀለሙን የሚጠብቅ የማያብረቀርቅ ሽፋን) ነፋሁ፤ ምስሎቹ ሁሉ ነጭ ጭጋግ ለበሱ። (ከሸዋ በር፣ ሐረር)

እርጥበት ነው። ዝናብ ባለበት ሰዓት ስፕሬይ ቨርኒሽ አይነፋም። የሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ በብሩሽ ስስ አድርገህ ቀባበት፤ አብዛኛው ጭጋግ ይጠፋል። ከዚያ ደረቅ ቀን ጠብቀህ ማቱን መልስ። ካልጠፋ ቨርኒሹ በውፍረት ተነፍቷል ማለት ነው፤ ያንን ማዳን ከባድ ነው። ክረምቱን በብሩሽ የሚቀባ ማት ቨርኒሽ ቢሆን ይሻልሃል።