ድራይ ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ለምን አቃጠለን?

ጥያቄ፦ ለፋሲካ እንግዶች ስለነበሩን ባለቤቴ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባል ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ ወይን ገዝቶ መጣ። ከዶሮ ወጡ ጋር ስንጠጣው ግን አፋችንን አደረቀው፤ ቃጠሎውም ባሰብን። አማቴ «ተበላሽቷል» አሉ። የባለቤቴ ወንድም ኮካ ቀላቅሎበት ጠጣ። እውነት ተበላሽቶ ነው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ወይኑ ደህና ነበር። ቢበላሽ ኖሮ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ወይም የረጠበ ካርቶን ይሸት ነበር። የተጣላው ከበርበሬው ጋር ነው።

ቀይ ወይን የሚጠመቀው ከነልጣጩ ነው። አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚወጣውም ከዚያው ልጣጭና ከዘሩ ነው፤ የካበርኔ ሶቪኞን ልጣጭ ደግሞ ወፍራም ነው። ታኒን የምራቃችንን ፕሮቲን ሲይዘው ምላስ ይሻክራል፤ አልኮሉ በበኩሉ የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሰዋል። ድራይ ወይን ይህን የሚያበርድ ስኳር የለውም።

ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ጣፋጩን አክሱሚት ወይም መካከለኛ ጣፋጩን ቀይ አካሺያ ያቅርቡ። ጣፋጭ ወይን ወይን ለማያውቅ ሰው ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። አባቶቻችን ቀይ ወጥን በማር ጠጅ ሲያወራርዱ የኖሩት ጣዕም ስለሚያውቁ ነው። የባለቤትዎ ወንድምም የፈለገው ያንኑ ስኳር ነው፤ አይቆጡት። ኮካው የወይኑን ሽታ ስለሚውጠው ግን ያሳዝነኛል፤ ከወይን ደስታ ግማሹ ያለው አፍንጫ ላይ ነውና።

ካበርኔውን ሥጋ ለሚጠበስበት ቀን ያስቀምጡት። ስቡና የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ስለሚያለዝቡት ያ የሻከረ ወይን በአንድ ጉርሻ ይለሰልሳል። እኔ ከሁሉ የምወደው ሪፍት ቫሊ ሲራ የተባለውን የዝዋይ ድራይ ቀይ ወይን ከጎድን ጥብስ ጋር ነው። ጥብሱ ጨው፣ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ብቻ ይበቃዋል፤ አዋዜው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቅረብ። መጀመሪያ ሥጋውን ያለ አዋዜ ይጉረሱ፣ ከዚያ ወይኑን ይጎንጩ፣ ትንሽ አፍዎ ውስጥ አቆይተው ይዋጡ። በደንብ በቅቤ የራሰ ክትፎም ይስማማዋል፤ ሚጥሚጣው እንዳይበዛ ብቻ ይጠንቀቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የአዳማ ሙቀት። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ቤቶቹ ቀዝቃዛ ከሆኑበት ከአውሮፓ የመጣ ልማድ ነው። የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። በእናንተ የሚያዝያ ሙቀት ጠርሙሱን ለግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። ብርጭቆውንም ከሲሶው በላይ አይሙሉት፤ ሽታው የሚሰበሰበው ባዶው ቦታ ላይ ነው።

ከተረፈ በቡሹ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያቁሙት፤ ለ3 ቀን ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል።