ኤክስፕረሱን የሚይዘው ማነው?

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ ያለው ወንድሜ «ከፊቱ ሌላ ባቡር ሳይኖር ኤክስፕረሱ (ጣቢያ እየዘለለ የሚሄደው የምድር ውስጥ ባቡር) ዋሻ ውስጥ ያዘግማል» ይለኛል። ለምን ይሆን? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የሚይዘው ሰዓት ቆጣሪ ነው። በቁልቁለትና በኩርባ ላይ መስመሩ ነጻ ቢሆንም መብራቱ ቀይ ሆኖ ይጠብቃል። ባቡሩ መለኪያው ክልል ሲገባ ቆጠራ ይጀመራል፤ ሴኮንዱ ሲሞላ ቀዩ ይለቃል። ክልሉ 90 ሜትር፣ ቆጠራው 10 ሴኮንድ ነው እንበል፤ የሚፈቀደው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ45 የመጣ በ7 ሴኮንድ ደርሶ ቀዩን ያገኘዋል። ያኔ ከሐዲዱ ጎን ቀጥ ብሎ የቆመው የብረት ክንድ ከባቡሩ ሥር ያለውን ማንሻ ይመታል፣ የፍሬኑ አየር ይለቀቃል፣ ባቡሩ ቀጥ ይላል።

እነዚህ መብራቶች የበዙት በ1995 እ.ኤ.አ. በዊልያምስበርግ ድልድይ ላይ ባቡሮች ተጋጭተው አንድ ነጂ ከሞተ በኋላ ነው። ጣጣው ቆጣሪው ሲዛነፍ ነው፤ በልኩ የመጣውንም ያስቆማል። ስለዚህ ነጂው ቅጣት ፈርቶ 32 የተፈቀደውን በ25 ያልፋል። የሐረጎን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ነገሩ አይጠፋውም፤ እሱ ግን ማርሹን ራሱ ይመርጣል።