ብቻዬን ብሆን ኖሮ ባልሰረቅሁ ነበር፦ ስለ አውግስጢኖስ ጥያቄና መልስ

ስለ ቤተ ክርስቲያን መምህሩ ስለ አውግስጢኖስ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ዛሬ እምነትን፣ ኃጢአትን፣ ጸጋንና ወዳጅነትን የሚመለከቱትን እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰውዬው አውሮፓዊ ነው ወይስ አፍሪካዊ?

መልስ፦ አፍሪካዊ ነው። በ354 ታጋስቴ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ቦታዋ ዛሬ በአልጄሪያ ሱቅ አህራስ ትባላለች። በካርታጎ ተምሮ በሮምና በሚላኖ የንግግር ጥበብ አስተማረ። በ387 በትንሣኤ በዓል በጳጳሱ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ የሂፖ ጳጳስ ሆነ፤ ሂፖ የዛሬዋ አናባ ናት። በ430 ቫንዳሎች የተባሉ ወራሪዎች ከተማዋን ከበው ሳለ አረፈ።

ጥያቄ፦ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ያላየሁትን አላምንም» ይለኛል። አውግስጢኖስ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይመልሳል?

መልስ፦ ስለማይታዩ ነገሮች እምነት በጻፈው አጭር ድርሳን ልክ ይህን ሰው ፊት ለፊት ያናግረዋል። መነሻው ወዳጅነት ነው። ወዳጅህ እንደሚወድህ በምን ታውቃለህ? ፊቱን ታያለህ፣ ቃሉን ትሰማለህ፤ ልቡን ግን አታይም። «በሥራው አውቀዋለሁ፣ በመከራዬ ቀን አብሮኝ ነበር» ትል ይሆናል። መልካም፤ ነገር ግን በመከራህ ቀን በእርሱ ላይ ስትደገፍ ገና ሳይፈተን አምነኸው ነበር ማለት ነው። ያላዩትን አላምንም ያለ ሰው ወዳጅ ሊኖረው አይችልም፤ ባልና ሚስት ሊተማመኑ፣ ልጅም ወላጆቼ እነዚህ ናቸው ሊል አይችልም።

ይህን ሲል ግን ያገኘኸውን ሁሉ እመን ማለቱ አይደለም። በዚያው ድርሳን እምነት ምልክትና ምስክር እንዳለው እያነሣ ይከራከራል። እምነትን የመጨረሻ ማረፊያ አያደርገውም፤ እንድታስተውል እመን የሚለው እምነት የማስተዋል በር ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ በልጅነቱ ፍሬ መስረቁን «ኑዛዜ» በተባለው ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያን ያህል የሚያስረዝመው ለምንድን ነው? ልጅ ሆኖ ከሰው ጓሮ ያልለቀመ ማን አለ?

መልስ፦ ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ይሰለቻል፤ እኔ ግን ስለ ኃጢአት ከጻፈው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ከእነርሱ የወይን ቦታ አጠገብ ፍሬ የተሸከመ የፒር ዛፍ ነበር፤ ፍሬው መልኩም ጣዕሙም የሚያስጎመጅ አልነበረም። ከጓደኞቹ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ሲጫወቱ ቆይተው ሄደው አራገፉት፤ ተሸክመው ወስደው ጥቂት ቀምሰው ቀሪውን ለዓሣማ ጣሉት። አልራበውም፣ የተሻለ ፍሬም ነበረው። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው?

መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ የሚያስፈራ ነው፦ የወደድሁት ስርቆቱን ራሱን ነው ይላል። ቀጥሎ ግን ወደ ኋላ ይመለስና ብቻዬን ብሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር ይላል። አንዱ «እንሂድ፣ እናድርገው» ሲል፣ አለማፈር ሳይሆን ማፈር የሚያሳፍር ይሆናል። ይህን ዓይነቱን ወዳጅነት እጅግ ጠላት የሆነ ወዳጅነት ብሎ ይጠራዋል። በሥራ ቦታም፣ በሰፈርም፣ በመንጋ የሚፈጸመውን ክፋት ያየ ሰው አውግስጢኖስ ያገነነው ፍሬውን እንዳልሆነ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ አብሮ አደጌን በሞት ካጣሁ ወዲህ መጽናናት አልቻልሁም። አውግስጢኖስ ለወዳጁ ማልቀሱን እንደ ጥፋት ቆጥሮታል የሚል ሰማሁ። ማዘኔ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አይደለም፤ ታሪኩንም ሙሉውን ልንገርሽ።

አውግስጢኖስ በታጋስቴ ሲያስተምር እኩያውና የትምህርት ቤት ጓደኛው የነበረ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ስሙን አይነግረንም። ያን ጊዜ እርሱ ዓለም የብርሃንና የጨለማ ኃይላት መታገያ ነው የሚለውን የማኒን ትምህርት ይከተል ስለ ነበር ወዳጁንም ወደዚያው ስቦት ነበር። ወዳጁ በትኩሳት ታምሞ ራሱን ሳተ፤ ይሞታል ተብሎ በዚያው እንዳለ ተጠመቀ። ሲነቃ አውግስጢኖስ አብሮት የሚስቅ መስሎት በጥምቀቱ ቀለደ። በሽተኛው እንደ ጠላት አየው፤ ወዳጄ ሆነህ መቆየት ከፈለግህ እንዲህ ያለ ነገር አትናገረኝ አለው። አውግስጢኖስ ሲድን አነጋግረዋለሁ ብሎ ዝም አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰበትና ሞተ፤ በዚያች ሰዓት አውግስጢኖስ አጠገቡ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የጻፈውን ሐዘንተኛ ሁሉ ያውቀዋል። አገሩ ስቃይ ሆነበት፤ የአባቱ ቤት ባዕድ ሆነበት። ዓይኑ በየቦታው ይፈልገዋል፤ ቦታዎቹንም ሁሉ ጠላቸው፤ ያ ወዳጅ በሕይወት ሳለ ዘግይቶ ሲቀር እንደሚሉት «ይኸው፣ ይመጣል» ሊሉት አይችሉምና። ለራሴ ትልቅ ጥያቄ ሆንሁ ይላል። በመጨረሻ ታጋስቴን ትቶ ወደ ካርታጎ ሄደ፤ እዚያም ያጽናኑት ሌሎች ወዳጆች ናቸው፦ አብሮ ማውራትና መሳቅ፣ አብሮ መጽሐፍ ማንበብ፣ ያለ ጥላቻ መከራከር፣ የራቀውን መናፈቅ፣ የመጣውን በደስታ መቀበል።

ጥፋት ያለው እንባውን አይደለም፤ ሟች የሆነውን ሰው እንደማይሞት አድርጌ ወደድሁት ነው ያለው። ፍጹም የማይጠፋውን እግዚአብሔርን የሚወድ፣ ወዳጁንም በእርሱ የሚወድ ሰው ብፁዕ ነው ይላል። በሸመገለ ጊዜም «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ፣ ለሞተ ወዳጅ ማዘንን የሚከለክል ሰው ከቻለ የወዳጅ ጨዋታንም ይከልክል ብሎ ጽፏል። ስለዚህ አልቅሺ። ካሉሽ ወዳጆችም አትራቂ።

ጥያቄ፦ ሁሉ በጸጋ ከሆነ ጾሜና ስግደቴ ምን ይረባል?

መልስ፦ ከብሪታንያ የመጣው መነኩሴ ጴላግዮስም የተቆጣው በዚህ ነበር። የአውግስጢኖስ ጸሎት «ያዘዝኸውን ስጥ፤ የወደድኸውንም እዘዝ» ይላል፤ ጴላግዮስ ሮም ውስጥ ሲጠቀስ ሰምቶ መታገሥ አልቻለም። ሰው እንዲህ ከጸለየ ይሰንፋል ብሎ ሠጋ። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም።

አውግስጢኖስ ግን የራሱን ፈቃድ ያውቀዋል። የጠመመ ፈቃድ ምኞትን ይወልዳል፤ ምኞት ሲታዘዙለት ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ካልተቃወሙት ግድ ይሆናል ይላል። እንዲህ ለታሰረ ሰው «በርታ» ማለት ብቻውን አይፈታውም። ጸጋ ፈቃድን አያጠፋም፤ ይፈውሰዋል። ጾምሽና ስግደትሽም አይቀሩም፤ እግዚአብሔር የእኛን መልካም ሥራ ሲሸልም የራሱን ስጦታ ይሸልማል ይላልና። በ418 የካርታጎ ጉባኤ፣ ሰው በራሱ ፈቃድ መልካሙን መፈጸም ይችላል የሚለውን የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ።

ጥያቄ፦ አውግስጢኖስ ራሱ ጸጋን ያገኘው ብቻውን በአትክልት ቦታ ነው፤ ታዲያ ወዳጅነት እዚህ ምን አገባው?

መልስ፦ ብቻውን አልነበረም! በ386 ጰንጥቅያኖስ የተባለ የአፍሪካ ተወላጅ በሚላኖ ሊጠይቀው መጥቶ ስለ ግብጻዊው መነኩሴ ስለ አባ እንጦንስ አጫወተው። የእንጦንስን ገድል የጻፈው አትናቴዎስ ነው፤ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም የእኛን አባ ሰላማን፣ ለአክሱም የሾመው ያው አትናቴዎስ። አውግስጢኖስ ይህን ሰምቶ ታውኮ ወደ አትክልቱ ሲወጣ ወዳጁ አሊጲዮስ ተከተለው። «አንሥተህ አንብብ» የሚል የልጅ ድምፅ ሰምቶ ከሮሜ መልእክት 13፥13-14ን ካነበበ በኋላም መጽሐፉን ለአሊጲዮስ አሳየው። አሊጲዮስ ቀጣዩን ቃል፣ በእምነት የደከመውን ተቀበሉት የሚለውን፣ ስለ ራሱ ወሰደው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ተጠመቁ። በጓደኛ ግፊት የሰረቀው ልጅ፣ ጸጋም ሲመጣለት በወዳጅ አፍና በወዳጅ ፊት መጣለት። እኔ ኑዛዜውን የማነበው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ጥንተ አብሶ፣ ማለትም ከአዳም ስለ ወረስነው ኃጢአት፣ ያስተማረውንስ ይቀበሉታል?

መልስ፦ ሁሉንም አልቀበልም። የምሥራቅ አባቶች ከአዳም የወረስነውን ሞትና መበስበስ አጥብቀው ያስተምራሉ፤ እርሱ ግን ሕፃናት በደሉንም ይወርሳሉ አለ፤ ሳይጠመቁ የሞቱትም፣ ቅጣታቸው ከሁሉ የቀለለ ቢሆንም፣ ይኮነናሉ እስከ ማለት ደረሰ። እዚህ ላይ ከጴላግዮሳውያን ጋር የነበረው ሙግት ከልክ በላይ አርቆ ወስዶታል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ልጅ የወለደችለት ሴት ማን ነበረች?

መልስ፦ ስሟን አልጻፈውም። ከአሥር ዓመት በላይ አብራው ኖራ ልጁን አዴዎዳቶስን ወለደች፤ ለሌላ ጋብቻ ሲታጭ ወደ አፍሪካ ተመለሰች፣ ሌላ ወንድ እንደማታውቅም ተሳለች። ልቤ ቆስሎ ደም እያዘራ ቀረ ይላል። ስለ ወዳጅነት ይህን ያህል የጻፈ ሰው ለእርሷ ጥቂት መስመር ብቻ መስጠቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ኑዛዜው 13 መጻሕፍት አሉት። የወዳጁ ሞት ካለበት ከአራተኛው ጀምር፤ ከዚያ ስርቆቱ ወዳለበት ወደ ሁለተኛው ተመለስ፤ ቀጥሎ የአትክልቱን ቦታ ታሪክ በስምንተኛው አንብብ። ስለ ጊዜ የሚናገረውን አሥራ አንደኛውን ለኋላ አቆየው፤ ከባድ ነው።