ሳይታችን ላይ ጊት ገብቷል፣ ያላችሁን ጥያቄ ወዲህ በሉ (ጥያቄና መልስ ከጎንደር)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ለማታውቁን፣ ጎንደር ያለን ጥቂት ልጆች በትርፍ ሰዓታችን በነፃ የምናንቀሳቅሳት የኮድ ማስቀመጫ ሳይት አለች፣ የተማሪ ፕሮጀክት፣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ የክሊኒክ መመዝገቢያ ምናምን ያለባት። እስካሁን ሰብቨርዥን ብቻ ነበር የምትሰጠው፣ አሁን ጊትም ጨምረናል (ሁለቱም ኮድ ላይ የሚደረገውን ለውጥ ከነታሪኩ የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች ናቸው)። ከሰርቨሩ ጋር ስታገል የከረምኩት እኔ ስለሆንኩ ጠይቁኝ፣ መብራት እስካለ ድረስ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እውነቱን እናውራ፣ ጊት መጫን እኮ አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሩ ነበር?

ሃሃ ይቺ እንደምትመጣ አውቄ ነበር። መጫኑማ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን ጊት አንተ ማን እንደሆንክ አያውቅም፣ ጉዳዩም አይደለም፣ እሱን ለኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር በቁልፍ የሚገባበት መንገድ) ነው የሚተወው። ሳይቱ ላይ ደሞ ሰው አካውንት አለው፣ ፕሮጀክት አባላት አሉት፣ ዛሬ ከፕሮጀክት የወጣ ሰው ዛሬውኑ ፑሽ ማድረግ (ኮዱን ወደ ሰርቨሩ መላክ) ማቆም አለበት። ስለዚ አንድ ሰው በኤስኤስኤች ሲመጣ ሰርቨሩ ቁልፉን ከሳይቱ ዳታቤዝ ጠይቆ እንዲያረጋግጥ፣ ከገባ በኋላም ተርሚናል ሳያገኝ የጊት ትዕዛዞችን ብቻ እንዲያገኝ ማድረግ ነው ዋናው ሥራ። ለዚህ ጊት ሼል የሚባል ከጊት ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር አለ፣ ፑሽና ፈች (መላክና መሳብ) ያስኬዳል፣ ሌላውን ይመልሳል።

ከዛ ፐርሚሽን። ይሄኛው ነው ሰው የሚያሳብደው። ጊት እያንዳንዱን ነገር የሚያስቀምጠው በሃሹ (ከይዘቱ ተሰልቶ በሚወጣው መለያ) የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው፣ ማለትም እስከ 256 ፎልደር ሊኖር ይችላል። ሪፖው (የፕሮጀክቱ ማስቀመጫ) ሲፈጠር "ሼርድ ግሩፕ" (ቡድኑ የሚጋራው) ካልተባለ ፎልደሩን የፈጠረው አባል ብቻ ነው የሚጽፍበት። ውጤቱን አስቡት፣ ሁለተኛው ልጅ ፑሽ ሲያደርግ ሃሹ አዲስ ፎልደር ላይ ከወደቀ ያልፋል፣ ጓደኛው በፈጠረው ላይ ከወደቀ ፐርሚሽን የለህም ይባላል። ጠዋት ይሠራል ከሰዓት እምቢ ይላል፣ ልጁ ኔትወርክ ነው ብሎ ቴሌን ይረግማል። ሪፖዎቹን በሙሉ በስክሪፕት የምንፈጥረው፣ ማንም በእጁ እንዳይፈጥር የከለከልነውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጊትሃብን የመሰለ ትልቅ የውጭ የኮድ ማስቀመጫ ሳይት እያለ ለምን ትደክማላችሁ?

ጊትሃብ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ተጠቀሙበት። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ ሰርቨራችን ያለው እዚሁ ከተማ ነው፣ የውጭው መስመር ሲቋረጥ በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉት ልጆች ሥራ አያቆሙም፣ ጎንደር የኖረ ሰው ኔት መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ሁለተኛ ትልቅ የሆነ ነገር ሁሉ አይዘጋም ያለው ማነው? ጉግል ኮድ የሚባለው ተመሳሳይ ሳይት እንኳን ተዘግቷል፣ በፈረንጅ 2006 ጀምሮ 2016 ላይ በቃ ተባለ፣ ያውም የጉግል ሆኖ።

ጥያቄ፦ ሰብቨርዥን መቼ ይዘጋል? የኛ ፕሮጀክት በሙሉ እዛ ላይ ነው ያለው፣ አስፈራችሁን።

አይዘጋም እህቴ፣ ተረጋጊ። ጨመርን እንጂ ቀየርን አላልንም። የብዙ ሰው ፍርሃት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ። ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራው የጂኤንዩ ፕሮጀክት ሳቫና የሚባል የኮድ ማስቀመጫ አለው፣ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱት፣ ሲጀመር በሲቪኤስ (ከሰብቨርዥን በፊት በነበረው ተመሳሳይ ፕሮግራም) ነው። ከዛ ሰብቨርዥን ተጨመረ፣ ጊት ተጨመረ፣ ጊትን የሚመስሉት ሜርኩሪያልና ባዛር ተጨመሩ፣ አዲሱ ሲገባ አሮጌው አልተባረረም፣ ጎን ለጎን ነው የኖሩት። ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ብትወስጂ እዛው ሳቫና ላይ ሆኖ ከሲቪኤስ ወደ ባዛር ሄደ፣ በፈረንጅ 2014 ላይ ደሞ ወደ ጊት፣ ሲመቸው ማለት ነው፣ ሳቫና አልገፋውም።

ተቃራኒው ቢትባኬት ነው። በፈረንጅ 2008 ላይ ለሜርኩሪያል ተብሎ የተከፈተ ቤት ነው፣ 2011 ላይ ጊት ጨመረ፣ 2020 ላይ ሜርኩሪያልን ጭራሽ አስወጣው። እንግዳው ባለቤቱን አባረረው በይው። ድርጅት ስለሆነ ወጪውን አስልቶ ነው፣ አልፈርድም፣ ግን የኛ መንገድ የሳቫና ነው። አንድ ሰው እንኳን በሰብቨርዥን ኮሚት እያደረገ (ለውጥ እየመዘገበ) ከሆነ ይቀጥላል። ዋጋው ግን አለ፣ ሁለት ሰርቪስ ማለት ሁለት ባክአፕ፣ ሁለት ዓይነት አፕዴት፣ ሁለት ዓይነት ቲኬት (የችግር ማመልከቻ) ነው። እኛ ውስጥ የተከራከርነውም "ጊት ጥሩ ነው ወይ" ብለን አይደለም፣ "ከሦስት ዓመት በኋላ ሲበላሽ ማነው የሚነሳለት" ብለን ነው። ሁለቱንም ሰርቪስ የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ስም ዝርዝር ላይ ካልሰፈረ አይከፈትም አልን፣ እስኪሰፍርም ቆየን።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር ነኝ፣ የተማሪዎቼ ሥራ በሰብቨርዥን ከተጀመረ ቆይቷል። ወደ ጊት ብንዛወር ታሪኩ ይጠፋል ወይ? ቲኬቶቹ ላይ ሁሉ "በሪቪዥን ይሄን ያህል ተስተካክሏል" እያልን ነው የጻፍነው።

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከሁሉም የበሰለ ነው። ታሪኩ አይጠፋም፣ ግን ቁጥሩ ይጠፋል፣ ሰብቨርዥን 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል፣ ጊት ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮሚት 40 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ሃሽ ነው የሚሰጠው። መፍትሔው ጊት ኤስቪኤን የሚባለው መሣሪያ በየኮሚቱ መልእክት ግርጌ ላይ የድሮውን ሪቪዥን ቁጥር ይጽፋል፣ ሰው "ያስጠላል" ብሎ ያጠፋዋል፣ እርስዎ ግን እንዳያስጠፉት፣ ቲኬቶቹ ትርጉም የሚኖራቸው በእሱ ነው፣ ቁጥሩን ፈልገው ያገኙታል።

ሌላው የስም ነገር ነው። ሰብቨርዥን የሚያውቀው ዩዘርኔም ብቻ ነው፣ ጊት ሙሉ ስምና ኢሜይል ይፈልጋል። ስለዚህ "ይሄ ዩዘርኔም እገሌ ነው" የሚል ፋይል አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፣ አንድ ስም ከጎደለ ማዛወሩ እዛው ላይ ይቆማል። ተመርቀው የሄዱ ልጆች ዩዘርኔም አስቂኝ አስቂኝ ስለሆነ ማን እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እኛ አናውቅም። ዝርዝሩን ጽፈው ይላኩልን፣ የቀረውን እኛ እንሠራለን። ባዶ ፎልደርም ካለዎት ይንገሩን፣ ጊት ባዶ ፎልደር አይመዘግብም፣ ፎቶ የሚጫንበት ባዶ ፎልደር የነበረው ፕሮግራም ከተዛወረ በኋላ አልነሳ ይላል፣ ሰው ምክንያቱን ፍለጋ ቀኑን ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ ሜርኩሪያል ለምን አልሆነም? ይቀላል እኮ።

ይቀላል፣ እስማማለሁ። ሁለቱም በአንድ ወር፣ በፈረንጅ ሚያዝያ 2005 ነው የተወለዱት፣ ቢትኪፐር የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ለሊነክስ ከርነል ሠሪዎች በነፃ መሰጠቱ ሲቀር፣ ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን፣ ማት ማካል ሜርኩሪያልን። ግን ልጆቹ የሚያውቁት ጊትን ነው፣ ሥራ ሲቀጠሩም የሚጠየቁት ጊትን ነው። በቃ።

ጥያቄ፦ ፋይሎቼ በአማርኛ ነው የተሰየሙት፣ ጊት ስቴተስ ስል የቁጥር መዓት ያመጣብኛል። ተበላሸ?

አልተበላሸም! ጊት ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጪ ያለውን የፋይል ስም ሲያሳይ ባይቱን በቁጥር ነው የሚጽፈው። "ሀ" ለምሳሌ ባክስላሽ 341 ባክስላሽ 210 ባክስላሽ 200 ሆና ትወጣለች፣ አንድ ፊደል በሦስት ባይት ስለምትቀመጥ። ፋይሉ ደህና ነው፣ የማሳየት ነገር ነው። ኮንፊግ ላይ ኮር ነጥብ ኮትፓዝ (core.quotepath) የሚለውን ፎልስ አድርገው፣ አማርኛው በአማርኛ ይመጣል። ይሄን አንድ መስመር መመሪያችን መጀመሪያ ገጽ ላይ ለጥፈነዋል፣ እዚህ አገር ሆኖ ይሄ የማያስፈልገው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የኔ ኮሚት ቀኑ የ1970 ነው የሚለው፣ ሰርቨራችሁ ሰዓቱ ተዛብቷል።

ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ያንተ ኮምፒውተር ነው። ሰብቨርዥን ላይ ቀኑን የሚሰጠው ሰርቨሩ ነበር፣ ጊት ላይ ኮሚቱ አንተው ማሽን ላይ ስለሚፈጠር ቀኑም ያንተ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታ ይሆናል፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፒያሳ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብተህ ባትሪዋን ቀይራት። ያለፈውን ኮሚት ግን ተወው፣ ቀኑን ለማስተካከል ብለህ ታሪክ እንዳትቀይር፣ ሌሎቹ የወሰዱት ኮፒ ካንተ ጋር ይለያያል። ደሞ ታሪክ ቀይረህ በግድ ፑሽ ብታደርግም ሰርቨሩ አይቀበልህም፣ ዘግተነዋል።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ ነኝ። ክሎን ሳደርግ (ፕሮጀክቱን ከነታሪኩ ሳወርድ) መሃል ላይ ይቋረጣል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ምን ላድርግ?

ይሄ የጊት እውነተኛ ድክመት ነው፣ ክሎን ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም። ሰብቨርዥን የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ስለሚያወርድ በደካማ ኔት ላይ ይሻላል የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል አልልም። ሁለት መንገድ አለ። ኮዱን ብቻ ከፈለግህ ዴፕዝ 1 (--depth 1) ብለህ ክሎን አድርግ፣ የመጨረሻው ኮሚት ብቻ ይመጣል። ሙሉ ታሪኩን ከፈለግህ ጊት ባንድል አለ፣ ሪፖውን በሙሉ አንድ ፋይል አድርጎ ያሽገዋል። እሱን እንደማንኛውም ፋይል ታወርዳለህ፣ ዳውንሎደር ካቆመበት ይቀጥልልሃል፣ ካልሆነም ጎንደር የሚመጣ ሰው በፍላሽ ይወስድልሃል፣ ከፍላሹ ላይ ክሎን ታደርጋለህ፣ ከዛ በኋላ አዲስ ነገር ብቻ ነው ከኔት የምትስበው። ለትልልቆቹ ፕሮጀክቶች በየሳምንቱ ባንድል የሚያዘጋጅ ስክሪፕት አስቀምጠናል፣ የፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ሊንኩ አለ። እኔን ብትጠይቀኝ ከጠቅላላው ሥራችን በጣም የተጠቀሙበት ይሄን ነው፣ ለመሥራቱ ግን ከሁሉም የቀለለው ነበር።

ጥያቄ፦ ፑሽ እያደረግኩ መብራት ቢሄድስ?

ያንተ ጋ ከሄደ ምንም አይደል፣ ድገመው። ሰርቨሩ ጋ ከሄደ፣ ጊት መጀመሪያ ዳታውን ጽፎ ነው መጨረሻ ላይ ብራንቹን (የመጨረሻውን ኮሚት የሚያመለክተውን ስም) የሚያዞረው፣ ስለዚ ወይ ገብቷል ወይ አልገባም፣ ግማሽ የሚባል የለም። አንዳንዴ ሎክ ፋይል (የመቆለፊያ ምልክት) ይቀርና ቀጣዩን ፑሽ ይከለክላል፣ ቲኬት ክፈቱ እናጠፋዋለን። ከስንት አንዴ ደሞ ዲስኩ ላይ ያልደረሰ ባዶ ፋይል ይቀራል፣ ያኔ የአባላቱ ኮፒ ነው የሚያድነን፣ ሁሉም ጋ ሙሉ ታሪኩ ስላለ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ጋ ካለ ባክአፕ ለምን ያስፈልጋል ታዲያ?

ቲኬቱ፣ አካውንቱ፣ ማን የየትኛው ፕሮጀክት አባል እንደሆነ፣ ይሄ ሁሉ ማንም ክሎን ውስጥ የለም። ሁለት ዓመት ማንም ያልነካው ፕሮጀክትም ክሎን ያደረገው ልጅ ላፕቶፑን ሽጦት ይሆናል። ባክአፕ ያስፈልጋል፣ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያልሆነ።

ጥያቄ፦ መርዳት እፈልጋለሁ፣ ሩት አክሰስ (በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን) ብትሰጡኝ...

ሃሃ ሁሉም ሩት ይፈልጋል፣ ቲኬት የሚመልስ ግን የለም። ወንድሜ አትቀየመኝ፣ በፈረንጅ 2003 ላይ ሳቫና ራሱ በሰርጎ ገቦች ተሰብሮ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር፣ ቁልፍ ዝም ብሎ አይታደልም። መጀመሪያ ቲኬቶቹ ጋ ና፣ "የኤስኤስኤች ቁልፌ አልሠራ አለ" የሚሉትን መልስ፣ ግማሹ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። መመሪያውን ወደ አማርኛ የሚጽፍልን ሰው ከሩት በላይ ነው የምንፈልገው። ደሞ ጥምቀት ሰሞን ሰርቨር አንነካም፣ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ኔትወርኩም ያው ነው፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ሰርቨሩ ጋ ለመድረስ ራሱ መከራ ነው፣ ስለዚህ ትልቅ አፕዴት ሁሉ ከዛ በኋላ ነው፣ ያኔ ሰው ያስፈልገናል።

ጥያቄ፦ የኤስኤስኤች ቁልፌን በኢሜይል ልኬላችኋለሁ፣ ደርሷችኋል?

ደርሶናል፣ ግን የላክሽው የግልሽን ነው፣ "ፕራይቬት" የሚል ከላይ ተጽፎበታል። ነጥብ ፐብ የሚል መጨረሻ ያለውን ነበር የፈለግነው፣ እሱንም በኢሜይል ሳይሆን አካውንትሽ ውስጥ ገብተሽ ነው የምትለጥፊው። ያንን ቁልፍ አጥፊውና አዲስ ፍጠሪ፣ ሌላ ቦታም ተጠቅመሽበት ከሆነ እዛም ቀይሪው። አካውንትሽን አሁን ከፍቼልሻለሁ።