ልጅቱ ጨዋታውን ትተው ወይ?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው፤ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ትገባለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ ሶፍትቦል የሚሉትን፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ ትጫወታለች፤ ወርዋሪ ናት አሉኝ። እናቷ ግን “ቅዳሜና እሁዳችን በጨዋታ አለቀ፣ ገንዘቡም በጉዞ ሄደ፤ ትታው ትማር፣ አንተ ምከራት” ትለኛለች። ጨዋታው የት ያደርሳታል? ምን ልበላት?
አጎቷ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ እባክዎ፣ ተይው አይበሏት። ደብረ ማርቆስ ስፖርት ሳስተምር ክንዳቸው የሚያስደንቅ ሴት ልጆች አይቻለሁ፤ ትምህርት ቤት ሲጨርሱ ጨዋታውም አብሮ አበቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሚወስዳቸው አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለእህትዎ ልጅ ግን መንገዱ አለ።

የሶፍትቦል ወርዋሪ ኳሱን የምትለቀው ከላይ አይደለም። ዳጉሳ ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን እንደሚያሽከረክር ክንዷን ሙሉ ዙር አዙራ ከዳሌዋ አጠገብ ትለቀዋለች። ከ10 ዓመት በታች ሳሉ የኳሱ ዙሪያ 28 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከወርዋሪዋ እስከ መምቻው ቦታ ያለው ርቀትም 10.7 ሜትር ያህል ነው። በእሷ ዕድሜ ኳሱ 30 ሴንቲሜትር፣ ርቀቱ 13.1 ሜትር ይደርሳል፤ ኮሌጅም ይኸው ነው። የኮሌጅ አሰልጣኞች የሚመዝኑት እንግዲህ የአሁን ክንዷን ነው።

እህትዎ ይህን ይወቁልኝ፦ እዚያ አገር ጨዋታውና ትምህርቱ የተሳሰሩ ናቸው። በከፍተኛው፣ ማለትም በአንደኛው የኮሌጅ ስፖርት ምድብ ለመሰለፍ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን በትንሹ ከ4 በ2.3 አማካይ ውጤት መጨረስ ግድ ነው፤ 10ሩ ደግሞ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው። የዚህ ምድብ አሰልጣኞች ልጅቱን በቀጥታ ማነጋገር የሚፈቀድላቸው 11ኛ ክፍል ስትገባ ከሴፕቴምበር 1፣ በእኛ ነሐሴ 26 ጀምሮ ነው። ዘንድሮ ካቆመች የምትታይበትን ጊዜ ልትደርስበት ስትል አጣችው ማለት ነው።

ኮሌጆች ለተጫዋቾች የሚሰጡት የነፃ ትምህርት ዕድል ብዙ ጊዜ ከፊል ወጪ ነው የሚሸፍነው፤ በሦስተኛው ምድብ ደግሞ በስፖርት ስም የሚሰጥ የለም። ከኮሌጅ በኋላ የሚከፈልበት ሊግ አለ፣ ቦታው ግን ለጥቂቶች ነው። ኦሊምፒክም ሶፍትቦልን እ.ኤ.አ. በ1996 አስገብቶት ከ2008 በኋላ አስወጣው፤ ቶኪዮ ላይ መለሰው፣ ፓሪስ ላይ ተወው፣ በ2028 ሎስ አንጀለስ ሊመልሰው ነው። ስለዚህ ዋናው ዲግሪው ነው፤ ክንዷ ወደዚያ ያግዛት።

ሲደውሉ የ9ኛ ክፍል ውጤቷን ይጠይቁ። የምትወስዳቸው ኮርሶች ከሚቆጠሩት ውስጥ መሆናቸውን እናቷ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ታጣራ። ገንዘቡ ከከበዳት ከከተማ ከተማ የሚዞረውን የክለብ ጉዞ ትቀንስና ልጅቱ በትምህርት ቤቷ ቡድን ትቀጥል።