ምልክት ሳይታይ የተገኘ ምልክት

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለሥልጠና ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ «ባዮማርከር» የሚለውን፣ በላብራቶሪ ተለክቶ በሽታን የሚያሳየውን ነገር፣ ተርጉሜ «የፓርኪንሰን ሞለኪውላዊ ምልክቶች» ብዬ ነበር። አለቃዬ «አመልካቾች» ብለው አረሙት። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። እኔ ግን ሁለቱንም አልወድላችሁም።

ከእርስዎ ልጀምር። «ሕዝቡ የሚያውቀው ምልክት እያለ ሌላ ቃል ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ለብዙ በሽታ ያስኬዳል። ፓርኪንሰን ላይ ግን ጉድ ይፈላል። የዚህ በሽታ ምልክት በዓይን ይታያል። ሰውየው እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ቁጭ ባለበት፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የበግ ጠጉር እንደምትፈትል የመንዝ ሴት ጣቶች ይሻሻሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 የጻፈውም ይህን የሚታየውን ነው።

የእናንተ ቤት፣ የላብራቶሪው፣ ነገር ሌላ ነው። አልፋ ሲኑክሊን የሚባለው ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ ሲታጠፍ ጤነኛውንም ያጣምመዋል። ከወገብ በተቀዳ ፈሳሽ ላይ ጤነኛ ፕሮቲን ሲጨመርበት፣ ጠማማው ካለ እየተባዛ ራሱን ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ትልቅ ጥናት ከሕሙማኑ 88 በመቶ ገደማ ላይ ተገኝቷል። እጃቸው ገና ባልተንቀጠቀጠ፣ ማሽተት ብቻ በተሳናቸው ሰዎች ላይም ታይቷል። አሁን ይህን በእርስዎ ቃል ይጻፉት፦ «ምልክት ሳይታይባቸው ምልክት ተገኘባቸው።» ማን ይረዳዎታል?

«ወደ ግእዙ እንመለስ፣ ትእምርት እንበለው» የሚል ወገንም አለ። ትእምርት «አመረ» ካለው ይወጣል፤ አሳየ፣ አስታወቀ ማለት ነው። ግን ተአምርም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን ከሰማይ ወርዶ አዩ የተባለባት፣ ስሟም ከዚያው የወጣላት ከተማ ውስጥ ተቀምጠው የላብራቶሪ ውጤትን ትእምርት ቢሉ፣ ሰው ጠበል ሊጠጣበት ይመጣል። ምልክትም ቢሆን ድሮውኑ ሥራ አለው። በድጓው፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ከቃሉ አናት ላይ የምትቀመጠው የዜማ ፊደል ስሟ ምልክት ነው። እሷም የምትታይ ናት።

አለቃዎ ደግሞ «አመልካች» አሉ። አመለከተ አሳየ ነው፤ እርባታው አያስወቅስም። ግን «የፓርኪንሰን አመልካቾች» ሲባል ማመልከቻ ይዘው ቀበሌ በር ላይ የተሰለፉ ሰዎች ይታዩኛል። «መለያ» የሚሉም አጋጥመውኛል። የኳስ ማሊያ መምሰሉን እንተወው፤ እውነትም አይደለም። ኒውሮፊላመንት የሚባለው ፕሮቲን ነርቭ በተጎዳ ጊዜ ሁሉ ደም ውስጥ ይጨምራል፣ የፓርኪንሰን ብቻ አይደለም። እንዲያውም በጣም ከፍ ካለ ሐኪሙ ሌላ ፓርኪንሰን መሳይ በሽታ ይጠረጥራል።

የእኔ ምርጫ «ጠቋሚ» ነው። በደርግ ጊዜ የኖረ ሰው ቃሉን ሲሰማ እንደሚሸማቀቅ አውቃለሁ። ቢሆንም እወደዋለሁ። ጥቆማ ፍርድ አይደለማ! ፕሮቲኑ ይጠቁማል፣ ሐኪሙ ሕመምተኛውን አይቶ ይፈርዳል።

በነገራችን ላይ የበሽታውን ስም «የሚያንቀጠቅጥ በሽታ» ብለው አለመተርጎምዎ ደግ አደረጉ። ጣርማበርን ወርደው ሸዋ ሮቢት ላይ «ያንቀጠቅጠዋል» ቢሉ መጀመሪያ የሚመረመረው ለወባ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ የሕክምና ተማሪዎቹ የሚሉት «ባዮማርከር» ነው። «ባዮማርከሮች»፣ «ባዮማርከሩ» እያሉ እንደ አገር ቃል ያረቡታል። ገብቷል፤ በእኔ ጩኸት አይወጣም። ስለዚህ ርእስዎ ላይ «የፓርኪንሰን ባዮማርከሮች» ይበሉ፣ ከሥሩ አንድ ጊዜ «ጠቋሚ» ብለው ይፍቱት፤ «ምልክት»ን ለሚንቀጠቀጠው እጅ ይተዉለት። አለቃዎ አሁንም «አመልካች» ካሉ አይከራከሩ። በጽሑፍ ከእኔው ቃል ይልቅ የእሳቸው መለመዱን፣ ቢያንገበግበኝም፣ አልክድም።