ጥርስ ላልበቀለለት ልጅ ሰው ሠራሽ ጥርስ

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያሉት ጥርሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከላይ፣ እንደ ወስፌ የሾሉ። ፀጉሩ ሳሳ ያለ ነው፣ አያልበውም፣ ፀሐይ ሲመታው ሰውነቱ ይግላል። ወንድሜም እንዲሁ ነበር። ጎረቤት «ሲያድግ ይበቅልለታል» ይለኛል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሕፃን ይሠራል? (እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ይሠራል፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት ጀምሮም ይቻላል። የገለጹት ኤክቶደርማል ዲስፕላዥያ የተባለውን፣ ጥርስን፣ ፀጉርንና የላብ ዕጢዎችን የሚነካ በዘር የሚወርድ ችግር ይመስላል። በብዛት የሚታየው ዓይነት ኤክስ ክሮሞሶም በተባለው የዘር ተሸካሚ ስለሚተላለፍ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይሄዳል፤ የወንድምዎም ነገር ወደዚያው ያመለክታል። ጥፋቱ ግን የእርስዎ አይደለም።

መጀመሪያ ሙሉ መንጋጋውን የሚያሳይ ራጅ ይነሣ። አጥንቱ ውስጥ የጥርስ ፍሬ ከሌለ፣ ቢጠበቅም አይበቅልም።

የሾሉትን ጥርሶች በፍጹም አያስነቅሉ። በዙሪያቸው ያለውን አጥንት የያዙት እነሱ ናቸው። ሐኪሙ ኮምፖዚት በተባለ የጥርስ መሙያ ቅርጽ ይሰጣቸውና የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ በሽቦ ይያያዝባቸዋል።

አሠራሩ ብዙ ጊዜ አራት አምስት ቀጠሮ ይወስዳል፦ አልጂኔት በተባለ ለስላሳ ሊጥ የአፍ ልክ መውሰድ፣ በሰም የንክሻውን ከፍታ መለካት፣ ጥርሶቹን በሰም ላይ ደርድሮ መሞከር፣ ከዚያ አክሪሊክ በተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ መጨረስ። ልክ ሲወሰድ ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ራሱን ወደ ፊት ዘንበል ካላደረገ አልጂኔቱ ወደ ጉሮሮው ይወርድና ሊያስመልሰው ይተናነቀዋል፤ አንዴ ከደነገጠ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ አፉን ለመክፈት እሺ አይልም።

አስቸጋሪው የታችኛው ነው። ጥርስ ስላልነበረበት አጥንቱ ቀጭን ነው፤ ምራቁም ስለሚያንስ ይንሸራተታል። ከማጥለቁ በፊት አፉንም ሰው ሠራሽ ጥርሱንም በውኃ ያርጥቡ። ድዱ ከቀላ ወይም ከቆሰለ ወደ ሠራው ባለሙያ ይመለሱ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ቤት ውስጥ አይሞረድም። በሽሮ ፍትፍትና በተቀቀለ ድንች ይጀምር፣ ቆሎ ይቆይለት። ማታ ይውለቅ፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ታጥቦ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይደር። የፈላ ውኃ አክሪሊኩን ያጣምመዋል።

መንጋጋው ስለሚያድግ በየስድስት ወሩ ይታይ፤ በየአንድ ሁለት ዓመቱ ማስተካከል ወይም አዲስ ማሠራት ይኖራል። ወጪውን ከወዲሁ ያስቡበት። አጥንት ውስጥ የሚተከለው ኢምፕላንት አብዛኛውን ጊዜ እድገት እስኪያበቃ ይቆያል፤ አጥንቱ ሲያድግ እሱ ባለበት ስለሚቀር ሰምጦ ይታያል።

ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ የዓባይን በረሃ በቀትር አትውረዱ። ውኃና እርጥብ ጨርቅ ያዙ፤ ሲግል ልብሱን አርጥበው ያናፍሱት። ከሙቀት የመጣን ግለት ፓራሲታሞል አያበርደውም።